በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ የቆሙት እናቶች



በየቤታችን አንድ የፎቶግራፍ ማስቀመጫ አይጠፋም። በአንዳንዱ ቤት አልበም ነው፤ በአንዳንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከአልጋ ሥር የተገፋ አሮጌ ሻንጣ ነው። በበዓል ቀን ቡና ሲፈላ ይወጣል፤ ልጆች ይሻሙበታል፤ አንዱ «ይህቺ ደግሞ ማናት?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ይነግረዋል፤ ከሌለም ፎቶግራፉ ተመልሶ ወደ ሻንጣው ይገባል። በዚህ ሳምንት ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ሻንጣ ነው። የሠርጉንና የልደቱን ትቼ፣ ብዙ ጊዜ አገላብጠን የማናያቸውን፣ ሕዝብ በአንድነት ተሰብስቦ የተነሣቸውን የቆዩ ፎቶግራፎች አነሣለሁ። ይኸውም ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ የአርበኞች በዓል ሲከበር፣ ታቦት ሲወጣ፣ እድር ሲሰበሰብ፣ ማኅበር ሲመሠረት የተነሡትን ማለቴ ነው።

ምናልባት «ይህ የታሪክ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ ለቤት እመቤትና ለፋብሪካ ሠራተኛ ምኗ ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ የእኛው ጉዳይ ነው እላለሁ። እንዲህ ባሉት ፎቶግራፎች ላይ ሴቶች የሌሉበት የለም ለማለት ይቻላል፤ ስማቸው የተጻፈበት ግን ከስንት አንድ ነው። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሹማምንት ስማቸው ከነማዕረጋቸው በጀርባው ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ የቆሙት ግን «እና ሴቶች» ወይም «እና ሌሎች» ተብለው ይታለፋሉ፤ ብዙውን ጊዜም ምንም አይባሉም።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ አንኮበር ናት። የእናቴ ወገኖች የዚያ አገር ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደጋው በድንገት ይቆረጥና አንኮበር በገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ትላለች። ከሥር አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላ ይታያል፤ ጉም ካልሸፈነው ነው ታዲያ። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ትባላለች። የእናቴ ታላቅ እኅት የሚኖሩት እዚያ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። በእሳቸው ዘንድ አርባ የሚሆኑ የቆዩ ፎቶግራፎች ይገኛሉ፤ እኔም ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ሄጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አብሬያቸው ተቀምጬ አንድ በአንድ ተመለከትናቸው።

የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። የአክስቴን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። አንደኛው ዓይናቸው ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አያገለግላቸውም። በሁለተኛው ዓይናቸው ለማየት ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወስደው፣ አፍንጫቸው እስኪነካው ድረስ ማቅረብ አለባቸው። የሞራ ቀዶ ሕክምና በአገራችን የሚሰጥ በመሆኑ ቀጠሮ አስይዘንላቸዋል፤ ዕድሜ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በፎቶግራፎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው በቤተሰባችን ውስጥ የለም።

ካሜራ ሳይመጣና ከመጣ በኋላ

አንኮበር ለዓለም ዓይን እንግዳ የሆነች ከተማ አይደለችም። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ነበረች። ልጃቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮትም፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት ተቀምጠውባታል። የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በዚያው ዓመት ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚስዮናውያን፣ ቀጥሎም ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ መንገደኛ ከሣህለ ሥላሴ ግቢ ደርሰዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ሲመጣ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። በጉዞው የሳላቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ ታተሙ። እንግዲህ የውጭው ዓለም የዚያን ዘመን ሸዋ መልክ ያየው በካሜራ ሳይሆን በእርሳስና በቀለም ነው።

ካሜራውም ብዙ አልዘገየም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶችን ይዞ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 በኦራትሲዮ አንቲኖሪ የሚመራ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ገብቶ፣ ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ንጉሥ ምኒልክ በሰጡት ቦታ ላይ ጣቢያውን ተከለ። በ1871 ዓ.ም. ደግሞ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ደርሶ በምኒልክ ዘንድ ሥራ ጀመረ። ኢልግ የፎቶግራፍ ወዳጅ ነበረና፣ በኢትዮጵያ ያነሣቸውና የሰበሰባቸው ሥዕሎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ከዚያም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁበት።

እነዚህ ሁሉ ካሜራዎች ምን አዩ? በአብዛኛው ያዩት ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ጦሩንና አጀቡን ነው። ወደ አንኮበር የመጡ መንገደኞች በጻፉት ውስጥ ለቤተ መንግሥቱ እህል የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ጠጅ የሚጥሉ፣ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶች ተጠቅሰዋል። የዳግማዊ ምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ ራሳቸው በዚያ ግቢ ከሚያገለግሉት መካከል እንደነበሩ ይነገራል። ለግብሩ የቀረበው እንጀራና ጠጅ የእነዚህ ሴቶች ድካም ነው። ካሜራው ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ግን የዞረው ወደ ግብሩ አዳራሽ እንጂ ወደ ማድ ቤቱ አልነበረም።

ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ዛሬ የተረፈው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ በኮረብታው ላይ በድሮው አሠራር አምሳል የታነጸ የእንግዳ ማረፊያ ቆሞበታል። ከዚህችው አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ካበረከቷቸው ሥራዎች አንዱ «እናት ኢትዮጵያ» የተሰኘው ሥዕል ነው። አገርን በእናት መስሎ መሳል የቆየና የተከበረ ልማድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ አገርን በእናት የምንመስለውን ያህል እናቶችን በየስማቸው የማናውቃቸው መሆናችን ነው።

ከአርባዎቹ መካከል

እስቲ ከአክስቴ ፎቶግራፎች ጥቂቶቹን ላሳያችሁ። በጋዜጣ ላይ ማውጣቱን አልፈለግሁም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አንዱ በጀርባው «ሚያዝያ 27 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የድል በዓል» ይላል። መካከል ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ሥሩ ጎፈር የደፉ፣ ሜዳይ የደረደሩ፣ ጋሻ የያዙ አርበኞች ቆመዋል። የአሥራ አንዱ ስም በጥሩ የቁም ጽሕፈት ተዘርዝሯል። በግራ በኩል፣ ፎቶግራፉ ሊያልቅ ሲል ሦስት ሴቶች ይታያሉ፤ የአንዷ ግማሽ ፊት ተቆርጧል። አክስቴ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አቅርበው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ይህቺ የተቆረጠችው በጣሊያን ጊዜ በዱቄት ስልቻ ውስጥ ጥይት ደብቃ ቆላ ድረስ ታወርድ የነበረችው ናት። ሜዳይ የላትም። ያን ጊዜ ቀርቦ የመሰከረላት የለማ! ባሏም ወንድሞቿም እዚያው ጫካ ቀርተዋል» አሉኝ። እንግዲህ በዚያ በዓል ላይ ከነበሩት ሰዎች ማን ከመካከል፣ ማን ከጠርዝ መቆም እንደነበረበት እናንተው ፍረዱ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሲሠራ የተነሣ ነው፤ 1958 ዓ.ም. ይላል። ምርቃቱን የሚያሳየው ለብቻው አለ፤ ሪባን፣ መቀስ፣ ኮትና ካባ የለበሱ እንግዶች ይታዩበታል። ይኸኛው ግን የምርቃቱ ሳይሆን የሥራው ነው። ሴቶች በእንስራ ውኃ ተሸክመው በአቀበቱ ላይ ተራ ገብተው ይወጣሉ፤ ለጭቃው የሚሆን ውኃ ነው። ከፊት አራተኛዋ ልጅ በአንቀልባ ያዘለችው አክስቴ ናቸው። ከእንስራው ክብደት የተነሣ ልጅቱ ወደ ጎን አዘንብላለች። ያቺ በአንቀልባ የታዘለች ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ነርስ ሆና ለብዙ ዘመን አገልግላ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ይህን ፎቶግራፍ ማን እንዳነሣው አክስቴ አያስታውሱም። ማንም ይሁን ማን፣ ከሪባኑ ይልቅ እንስራውን ማየቱ ያስመሰግነዋል።

ሦስተኛው የጥምቀት ነው። ታቦቱ ሲመለስ ካህናቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ ሴቶች እልልታቸውን እያሰሙ ይታያሉ። የዚህን ፎቶግራፍ ታሪክ ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በዚያን ዘመን ፎቶ አንሺው በበዓል ቀን ከደብረ ብርሃን ይመጣል፤ ያነሣል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ፎቶግራፉን ግን የሚያመጣው በሚቀጥለው በዓል ነው። ከሴቶቹ መካከል አንዷ በዚያው ክረምት በወሊድ ሞቱ። በመስቀል ፎቶግራፉ ሲመጣ ባለቤቲቱ የሉም። ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራቸውምና፣ በሙት ዓመታቸው ዘመድ ይዞ ያለቀሰው ይህንኑ ከብዙ ሰው መካከል አንዲት ጣት የማታክል ፊት የምትታይበትን ፎቶግራፍ ነው። ስትወለድ እናቷን ያጣችው ልጅም አድጋ እናቷን ያየችው በዚሁ ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። በሦስት ፎቶግራፎች ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ሴቶች ገላ ላይ፣ አንድ ዓይነት ጥልፍ ያለው ቀሚስ አየሁ። አክስቴን ብጠይቃቸው ሳቁ። «አንድ ዓይነት ሳይሆን አንዱ ነው፤ የእኔ ነው። ፎቶ የሚነሣ ሰው ሁሉ ይዋሰኝ ነበር» አሉ። ይኸው ቀሚስ በልኳ ላልሆነው ሴት በመቀነት ጠበቅ ተደርጎ ይታያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተነሣ አንድ የማኅበር ፎቶግራፍ ደግሞ ከአልዩ አምባ የመጡ የአርጎባ ሴቶችን በራሳቸው አለባበስ ከደገኞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ያሳያል። በዚያን ጊዜ ከስብሰባ በፊትም ቢሆን በገበያ ይተዋወቁ ነበር፤ ደገኛዋ እህሏን፣ ቆለኛዋ ጥጧንና በርበሬዋን ይዛ ይገናኙ ነበርና።

የመጨረሻውን ሆን ብዬ አቆየሁት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. መሆኑ ይታወሳል። ይህ ፎቶግራፍ በ1973 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት ሲሰጥ የተነሣ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ወረቀታቸውን በደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ገለበጥኩት። በጀርባው ላይ በእርሳስ፣ አንዱ ፊደል ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ፣ የአክስቴ ስም ከነአባታቸው ስም ተጽፏል። የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ከአርባው ፎቶግራፍ በሃያ ሦስቱ ጀርባ ላይ ጽሑፍ አለ፤ የሴት ስም ያለበት ግን ይህ አንዱ ብቻ ነው። የጻፈላቸው ሌላ ሰው አይደለም፤ መጻፍ በተማሩበት ቀን የራሳቸውን ስም ራሳቸው ጻፉት።

በሦስቱ ቀን አክስቴ እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ የብዙ እናቶችን ስም ከነአባታቸው መዘገብን። ማወቅ ያልቻልናቸውም ቀሩ። የአንዷን ፊት አክስቴ ደጋግመው አይተው፣ «አውቃታለሁ፤ ጠላዋን ሁሉ አውቃለሁ፤ ስሟ ነው የጠፋኝ» ብለው ፎቶግራፉን አስቀመጡት። ከአምስት ዓመት በፊት ብንጠይቃቸው ኖሮ ስሟን የሚነግሩን ይመስለኛል። የሴቶቹን ስም እዚህ ያላወጣሁት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሳላስፈቅድ በጋዜጣ መጻፍ ስለማይገባ ነው። እናንተም የሌላ ሰው እናት ያለበትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ከማሳየታችሁ በፊት ቤተሰቡን መጠየቅ አትርሱ።

ፎቶግራፍ እንዴት ይጠፋል?

የአንኮበር አየር ቀዝቃዛና ጉም የበዛበት ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት ይነድዳል። ፎቶግራፍ እርጥበትና ጢስ ጠላቶቹ ናቸው። በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ እርጥበት ሲገባው ፊቱ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ፀሐይ የሚያገኘው ደግሞ እየነጣ ይሄዳል፤ በተለይ ባለ ቀለሙ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ይደበዝዛል።

ከአየሩ ሌላ የዘመኑም መለዋወጥ አለ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከድሮው ሥርዓት ሹማምንት ጋር የተነሡ ብዙ ሰዎች ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርደው ደበቁ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሽብር ጊዜ ደግሞ፣ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ መዘዝ እንዳያመጣ በመፍራት ማታ በምድጃ ያቃጠሉ እናቶች ነበሩ። ልጁ ሳይመለስ ሲቀር ፎቶግራፉም የለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም እንዲሁ የወረደ ወረደ። የአንድ ሹም ፊት እንዳይታይ ተብሎ በተቃጠለው ፎቶግራፍ ላይ ሃያ ጎረቤቶች ነበሩበት፤ እነርሱም አብረው ተቃጠሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ስደትና መፈናቀል ነው። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ በመጣ ጊዜ ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደወጣ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንም ከልዩ ልዩ ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖችን ተቀብላ አስጠልላለች። እናት በችኮላ ስትወጣ የምትይዘው ልጇን ነው፤ አልበም የምታነሣበት እጅ የላትም፤ ይህም ትክክል ነው። በኋላ ግን፣ ነፍስ ከተረፈ ወዲያ፣ የሟች አባትን ወይም የጠፋ ልጅን ፊት የምታሳይበት ስታጣ ሐዘኑ ሁለተኛ ይሆንባታል።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ዓይነት መጥፋት መጥቷል። በስልካችን ላይ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አለ፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ሁሉም በአንድ ቀን ይሄዳል። በወረቀት የታተመ ምናምን የለንም። በአንድ በኩል ይኸው ስልክ፣ ቀጥዬ እንደምነግራችሁ፣ ለአሮጌው ፎቶግራፍ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ እንድታዝኑ ብቻ አይደለም። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ የበዓል ከሰዓት በኋላ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ከልምድ ያገኘሁትንና ባለሙያዎች የሚመክሩትን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፣ እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ፣ ፎቶግራፉን በጠርዙ ያዙ። የጣት ቅባትና ላብ ምስሉን ያበላሻል። ፎቶግራፎቹን ቡናና ውኃ ካለበት ጠረጴዛ አርቁ፤ ቡናው ይጠጣ፣ ከዚያ ይነሣ።

ሁለተኛ፣ በመስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶግራፍ በኃይል አትላጡ፤ ፊቱ ተገንጥሎ ይቀራል። እንዳለ ከነመስታወቱ በስልክ አንሡትና ባለሙያ እስኪገኝ ተዉት። የተቀደደውንም በፕላስተር አታያይዙ፤ ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ በስልክ ቅጂ ስታነሡ ፎቶግራፉን በመስኮት አጠገብ፣ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ዘርግታችሁ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሡ። የስልኩን ብልጭታ አጥፉ፤ ያንጸባርቃልና። ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም አንሡ፤ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለው ጽሑፍ፣ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው በጀርባው ነው። ቅጂውን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀሩ፤ ቢያንስ ሌላ ቦታ ለሚኖር አንድ የቤተሰብ አባል ላኩ።

አራተኛ፣ ስም ጻፉ። በጀርባው ላይ ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ አድርጋችሁ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል፣ ጫፉም ይወጋል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየረድፉ፣ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት የሚለውን አስፍሩ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ እናትን «የእገሌ ባለቤት» ብላችሁ አትለፉ። የራሷን ስም ከነአባቷ ስም ጻፉላት። የማይታወቅ ሰው ካለም «ያልታወቀች፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሦስተኛ» ብላችሁ ቦታ ተዉላት፤ አንድ ቀን የሚያውቃት ሰው ይመጣ ይሆናል።

አምስተኛ፣ አዛውንቶችን ስትጠይቁ «ይህ ማነው?» ብቻ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ስም ይጠፋቸዋል። «ይህን ቀሚስ ማን ሰፋው? ያን ቀን ምን ተበላ? ማን ወጠወጠ? ውኃውን ማን ቀዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው ሲታወስ ሠሪዋ ትታወሳለች፤ ከአክስቴ ጋር ስንቀመጥ ግማሹን ስም ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው። የሚናገሩትንም በስልክ ድምፅ ቅዱ። ከደከማቸው አቁሙ፤ ሐዘን የሚያስታውስ ፎቶግራፍ ሲመጣ አታጣድፏቸው።

ስድስተኛ፣ ማስቀመጫውን አሻሽሉ። ከወለል ከፍ ያለ፣ ከማድ ቤት ጢስ የራቀ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይሻላል። አንድ አንዱን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ለይቶ በካርቶን ማስቀመጥ ይበቃል። የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበም ለአሮጌ ፎቶግራፍ አይስማማም። ነጋቲቭ ካላችሁም አትጣሉት፤ ለብቻው አስቀምጡት።

ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካም ሆነ በአዲስ አበባ የልብስ ስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሠሩ እናቶች፣ የሜይ ዴይ ሰልፍ፣ የሽልማት ቀን፣ የጡረታ ስንብት ፎቶግራፍ አላቸው። የፋብሪካው ስም በሰሌዳው ላይ ይነበባል፤ የፈታይዋና የሸማኔዋ ስም ግን አይነበብም። በሥራ ቦታችሁ በዕረፍት ሰዓት እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ አምጥታችሁ ከጡረተኞች ጋር ብታዩት፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ታሪክ ማንም ሊጽፈው ከሚችለው በላይ ትጽፉታላችሁ።

ከዚህም ሌላ ከቤት ወጥቶ ለሕዝብ የሚጠቅም ፎቶግራፍ አለ። በ1936 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው፣ ዛሬም «ወመዘክር» እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም በ1955 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የአገር ቅርስ የሚጠበቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ለሰሜን ሸዋ ሰው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። ዋናውን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ ቅጂውን፣ ስሙ ከተጻፈበት ዝርዝር ጋር፣ ለመስጠት ጠይቁ። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጠሪያ ወጣቶች ተነሥተው ከየቤተሰቡ የቆዩ ፎቶግራፎችን ለምነው ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋል። አዲስ አበባ ይህን ካደረገች፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር፣ የየወረዳው ከተማም ሁሉ፣ በትምህርት ቤቶቹና በእድሮቹ አማካይነት ለማድረግ የሚያግደው ነገር አይታየኝም። መምህራን ለተማሪዎች «ከአያታችሁ ዘንድ አንድ ፎቶግራፍ አይታችሁ የሰዎቹን ስም ጽፋችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ ቢሰጡ ትልቅ ጅምር ነው።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ የእኛ ትውልድ በሁለት ሰዎች መካከል ቆሟል። በአንድ በኩል ስሙን የሚያውቁ ግን ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን አሉ፤ በሌላ በኩል ዓይናቸው የሚያይ ግን ስሙን የማያውቁ ልጆች አሉ። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ የሚችል ከእኛ በቀር ሌላ ሰው የለም። በዚህ ሳምንት ከሻንጣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ፣ ብዙ ሰው ያለበትን መርጣችሁ አውጡ። ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ከሌለም ወደ ጎረቤት አዛውንት ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሳስም አትርሱ። ከመካከል ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሳይሆን፣ ከጠርዙ ከቆሙት ጀምሩ።